ኮረንቲው የወሰደው ዓመት

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ጭንቅላቴን ኮረንቲ አስነክተውኛል። ያውም ስምንት ጊዜ። ይህን ስናገር የሰው ፊት ይለዋወጣል፤ አንዳንዱ እጄን ይይዘኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ይስባል። እኔ ግን ነገሩን የማወራው ሌላው ሰው የኩፍኙን ታሪክ እንደሚያወራው ነው። ታምሜ ነበር፣ ታከምኩ፣ ዳንኩ ባልልም ተሻለኝ። መሃል ላይ አንድ ዓመት ጠፋብኝ። የማወራውም የዚያን ዓመት ነገር ነው፤ አብዛኛውን ያወቅኩት ከሰው ሰምቼ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት ነው። አባቴ ከወሎ ጎሬ ድረስ ሸቀጥ በበቅሎ ጭኖ የመጣ፣ ከጎሬ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ጋምቤላ የቀረ ነጋዴ ነበር። ሱቃችን ከባሮ ወንዝ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከማንጎ ዛፎቹ አጠገብ ነው። ጨው፣ ስኳር፣ አቡጀዲ፣ ዶቃ፣ መንጠቆ፣ ፋኖስ እንሸጣለን። እናቴ ቆላውን እስከ መጨረሻው አልለመደችውም። ሙቀቱ ሲበረታባት "እኔን ለዚህ እሳት ያመጣኝ ሰውዬ ይኸው ቁጭ ብሎ ጨው ይመዝናል" ትላለች፣ እንዲሰማት ጮክ ብላ። አባቴ እንዳልሰማ ሆኖ ጨዉን ይመዝናል።

ጎረቤታችን ዓሣ የምትሸጥ አኙዋክ ሴት ነበረች። እኔ እማማ ነው የምላት። አማርኛዋ ፈጣንና ደፋር ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ትላለች። እናቴን "አንተ፣ ዛሬ ስኳር አለ?" ስትላት፣ እናቴ "አለ እህቴ" ትላለች። አባቴን ደግሞ አንዳንዴ "አንቺ" ትለዋለች፤ እሱም "አቤት" ይላታል። ማናችንም አናርማትም። የእኛ አኙዋክኛ ከእሷ አማርኛ በብዙ ስለሚብስ ለማረም አፍ አልነበረንም። እዚያው የተወለድኩት እኔ እንኳን የማውቀው ለገበያና ለስድብ የሚበቃኝን ያህል ነበር።

ሕመሙ እንዴት እንደጀመረኝ ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ ሱቅ ውስጥ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ማንጎ እበላለሁ። አንድ ሰውዬ "ማንጎ እየበላች ነው" አለ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። "ዞረች" አለች ደግሞ አንዲት ሴት።

ሁለቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተለዩኝም። መጀመሪያ ላይ ክፉ ነገር አይናገሩም፤ የማደርገውን ብቻ እየተከተሉ ያወራሉ። ተነሳች። ጫማዋን አጠለቀች። አሁን አስተማሪው ሊጠይቃት ነው። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያ ሰሞን ኮርቼ ነበር። ያኔ ጋምቤላ ውስጥ ሬዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ የእኔ ደግሞ ባትሪ አይጨርስም።

እያደር ግን እርስ በርሳቸው መጨቃጨቅ ጀመሩ። ሰውዬው ትብላ ይላል፣ ሴትዮዋ አትብላ ትላለች። አንዱ ትሂድ ሲል ሌላዋ እግሯን ብታነሳ ወንዙ ይሰማል ትላለች። ሁለቱንም ላለማስቀየም ብዬ ዝም ብዬ መቆም ጀመርኩ። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት እጅግ ብልህ የሆነ መላ መስሎኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ትዝታዬ አይጥ እንደበላው ጨርቅ ነው፤ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም። እናቴ እንደነገረችኝ፣ አንድ እጄን ወደ ላይ አንስቼ ሱቁ መሃል ግማሽ ቀን ቆሜያለሁ። ከኢታንግ የመጣ ገበያተኛ ከመደርደሪያው ላይ ዕቃ የማወርድለት መስሎት ከፊቴ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ በመጨረሻ አባቴን "ልጅህ ፋኖሱን እምቢ አለችኝ" ብሎታል። በዚያው ሰሞን መናገር ተውኩ። ቀጥሎ መብላት ተውኩ። ውሃውን እናቴ በማንኪያ ጥርሴን ፈልቅቃ ታንጠባጥብልኝ ነበር።

ሰው ሁሉ የአቅሙን ሞከረልኝ። ከደጋ የመጡ ሼክ ቁርዓን ቀሩብኝ። የጓደኛዬ እናት፣ የመንግሥት ጸሐፊ ሚስት፣ ከአገሯ ያስመጣችውን ጠበል በጠርሙስ ይዛ መጣች፤ እናቴ ትንሽ አመነታችና "ውሃ አይደል፣ ምን ይጎዳል" ብላ ፊቴን አስረጨችኝ። እማማ ደግሞ ከዘመዶቿ አንድ ሽማግሌ አምጥታ እጄ ላይ ክር አሳስራልኛለች። ሦስቱም የተደረጉልኝ በአንድ ሳምንት ነው። አንዳቸውም በሌላው አልተቆጡም፤ ይልቁንስ በር ላይ ሲገናኙ "እንዴት ዋለች?" እየተባባሉ ይጠያየቁ ነበር ይባላል።

በመጨረሻ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው፣ ተጠራ። ከተማው በሙሉ "ዶክተር" ነው የሚለው። መጀመሪያ ሰሞን "ድሬሰር ነኝ" እያለ ያርም ነበር፤ ኋላ ሰልችቶት ተወው። ቆዳዬን ቆንጥጦ ለቀቀው፣ ቆዳዬ እንደቆመ ቀረ። ቦርሳውን ዘጋ።

"ሀጂ፣ ይሄ ከእኔ ቦርሳ በላይ ነው" አለ አባቴን። "አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ቤት አለ። በሚቀጥለው አውሮፕላን ካልሄደች በውሃ ጥም ትሞታለች።"

"ልጄ እብድ አይደለችም" አለች እናቴ።

"እብድ አላልኩም፤ ታማለች ነው ያልኩት። ደብዳቤ እጽፋለሁ።"

እናቴ ያኔ ጡት የምትጠባ ሕፃን ስለነበረቻት አባቴ ይዞኝ ሄደ። እንደ እንጨት ተገትሬ ስለነበር የአውሮፕላኑ ወንበር ላይ ማስቀመጡ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አውሮፕላኑ ከሰው ይልቅ ቆዳና ቡና የለመደ ነው፤ ደምቢዶሎና ጅማ እያረፈ ይሄዳል። በያረፈበት የሚሳፈረው ሰው "ልጅቷ ምን ሆና ነው?" ይላል፣ አባቴም "አውሮፕላን ፈርታ ነው" ይላል። ከዚያች ቀን በፊት አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቀውና በፍርሃት የደረቀው ግን እሱ ነበር፤ ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ የሆነውን አባቴ በአንድ ጊዜ አላወራልኝም። በዓመታት ውስጥ፣ ስኳር እየሰፈረ፣ ጨርቅ እየለካ፣ ቁርጥራጩን እየጣለልኝ እኔ ሰፋሁት።

ዶክተሩ ፈረንጅ ነበር፤ ከአማርኛ የሚያውቀው "ደህና" እና "ቆይ" የሚሉትን ሁለት ቃላት ነው። አንዲት ግዙፍ ነርስ ታስተረጉምለታለች።

"በሽታው ስኪዞፍሬኒያ ይባላል ይላል" አለችው አባቴን። "ልጅ ላይ ብዙ አይታይም። ግን ይታያል።"

አባቴ ቃሉን ለመድገም ሞክሮ መሃሉ ላይ ተወው። "መድኃኒት አለው?"

"ኪኒን አለው፤ ግን ልጅቱ አትውጥም። ኪኒኑ እስኪሠራ ለመጠበቅም ጊዜ የላትም ይላል። ስለዚህ በኮረንቲ እናክማታለን።"

"በምን?"

"በኮረንቲ፣ ሀጂ።"

"ኮረንቲማ ሰው ይገድላል፣ ሲስተር። አንድ ሰው ሽቦ እንደጨበጠ ሲቀር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።"

ነርሷ ይህን ለዶክተሩ ነገረችው። ዶክተሩ እጁን እያወናጨፈ ረጅም ነገር ተናገረ። ሲጨርስ እሷ ወደ አባቴ ዞራ "ያ ብዙ ነው፣ ይሄ ትንሽ ነው ይላል" አለች።

"ያን ሁሉ ተናግሮ ይህን ብቻ ነው ያለው?"

ነርሷ ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የቀረው የሐኪም ቋንቋ ነው። እኔ ያየሁትን ልንገርዎ። ተሸክመን አስገብተናቸው በእግራቸው የወጡ ብዙ ሰዎች አሉ። ያልተሻላቸውም አሉ። በኮረንቲው የሞተ ግን አላየሁም" አለችው።

"ከዚያ በኋላ ታውቀኛለች?"

"ጥቂት ቀን ትደናገራለች። ነገር ትረሳለች። እርስዎን ግን አትረሳም።"

ወረቀቱ ላይ ፈርም አሉት። አማርኛ ማንበብም መጻፍም ስለማያውቅ ስሙን በዓረብኛ ጻፈና ግቢው ውስጥ ያለ ዛፍ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። እዚያ ዛፍ ሥር ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀምጧል፤ ማታ ዘመድ ቤት ያድራል፣ ጠዋት በር ሲከፈት ቀድሞ ይገኛል። ጥበቃው "እርስዎም ታካሚ ነዎት እንዴ?" ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ።

እኔ የማስታውሰው ትንሽ ነው። የጎማ ሽታ አስታውሳለሁ፤ ምላሴን እንዳልነክስ በጥርሴ መሃል የሚያደርጉት ነገር ነው። ግንባሬ ላይ የሚቀቡኝ ቀዝቃዛ ነገር ነበር። የነርሷ አውራ ጣት አገጬን ደግፎ ይዟል፤ ጣቷ ሽንኩርት ይሸታል። ያኔ ለሁሉም ሰው ማደንዘዣ አይሰጥም ነበር። ዛሬ አስተኝተው ነው የሚሠሩት ይላሉ፣ ልጅ ላይ ደግሞ እምብዛም አይደፍሩትም። እኔ ግን ኮረንቲው ሲነካኝ ወዲያው ራሴን ስለምስት ሕመሙን አላውቀውም። የማውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ራስ ምታትና የሰውነት ዝለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እህል ስትወቅጥ የዋለች ሴት ዓይነት።

የልጅ ክፍል ስላልነበረ የተኛሁት ከትልልቅ ሴቶች ጋር ነው። አንዲቱ የንጉሥ ዘመድ ነኝ ብላ ታምናለች፤ ፀጉሬን በየቀኑ ፈትታ በየቀኑ ትሠራኝ ነበር። "የቤተ መንግሥት ሹሩባ ነው፣ አትነቅንቂው" ትለኛለች። ዘመድ ትሁን አትሁን አላውቅም፤ እጇ የሠራውን የመሰለ ሹሩባ ግን ከዚያ በኋላ አላገኘሁም።

ከሦስተኛው ኮረንቲ በኋላ አባቴ ሊያየኝ ሲገባ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። አየሁት፣ አየሁትና "አባባ፣ ኮፍያህ ተጣሟል" አልኩት። ከስንት ሳምንት ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ይህ ነው። አባቴ ኮፍያውን አላስተካከለም። እንደተጣመመ ወጥቶ፣ ያው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ይህንን የነገረችኝ ነርሷ ናት፤ እሱ "ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር" ነው የሚለው።

ስምንቱን ጨርሼ፣ በልቼ፣ ወፍሬ፣ ኪኒን በወረቀት ተጠቅልሎልኝ በእግሬ አውሮፕላን ወጣሁ። ሰውዬውና ሴትዮዋ አፋቸውን ዘግተው ነበር። ጋምቤላ ስንወርድ ያ የሚያውቀኝ ሙቀት ፊቴን መታኝ፤ ሙቀቱን አወቅኩት። ቤቱን አወቅኩት። እናቴ እየሮጠች መጥታ ሳመችኝ፤ እሷንም አወቅኳት። ጀርባዋ ላይ አንዲት ሕፃን አዝላለች።

"ልጅቷ የማን ናት?" አልኳት።

እናቴ የምጫወት መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ። "እህትሽ ናት" አለች። "አንቺ ነሽኮ ስም ያወጣሽላት።"

እህቴ ከተወለደች ስድስት ወር አልፏት ነበር። ስትወለድ ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ ውሃ ያፈላሁት እኔ ነኝ፣ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አንዱም ትዝ አይለኝም። ያን ቀን እናቴ ሕፃኗን እጄ ላይ አድርጋ "እንግዲያው እንደ አዲስ ተዋወቂያት" አለችኝ። ሕፃኗ ግን ረስታኝ አልነበረም፤ ወዲያው ጆሮዬን ይዛ ጎተተች።

ከተማው ውስጥ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጭንቅላቷ ውስጥ ኮረንቲ ገብቷል ተባለ። ትምህርት ቤት በተመለስኩ ቀን የክፍሌ ሴቶች ልጆች የእጅ ባትሪ አምፖል ፈትተው ይዘው መጡ። በእረፍት ሰዓት ከበቡኝና ግንባሬ ላይ አስነኩት፤ አልበራም። ጆሮዬ ላይ ሞከሩ፤ አልበራም። አንዷ "እርጥብ ሲሆን ይሻላል" ብላ አምፖሉን በምራቋ አርሳ ደገመችው። እኔም ቢበራ ምን እንደሚመስል ለማየት ጓጉቼ ፀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ሳይበራ ሲቀር ከእነሱ ይልቅ የተናደድኩት እኔ ነኝ።

የጠፋብኝን ዓመት እንግዲህ ከሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ሰውም ደስ እያለው ነገረኝ፤ ችግሩ ግን ሁሉም ለራሱ በሚመቸው መንገድ ነው የነገረኝ። እናቴ "ባሚያ እንዴት ትወጂ ነበር መሰለሽ" ብላ ባሚያ አበላችኝ። አስተማሪው የማባዛት ሠንጠረዥን እስከ አሥራ ሁለት በቃሌ እወጣ እንደነበር ማለልኝ። እማማ ደግሞ በመጣሁ በማግስቱ ጠዋት ቢላዋ ይዛ በራችን ላይ ቆመች።

"አንተ፣ ና እንጂ" አለችኝ።

"የት እማማ?"

"ዓሣ ነዋ! ረሳህ? በየቀኑ ከትምህርት ቤት በፊት ቅርፊት እፋቅልሃለሁ ብለህ ቃል ገብተሃል።"

ቃል ከገባሁ ምን ይደረጋል ብዬ ሄድኩ። ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ የዓሣ ቅርፊት ፋቅኩ። ቅርፊቱ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ ክፍል ውስጥ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ልጆቹም "ኮረንቲው እየወጣ ነው" ይላሉ። እማማ እየሠራች የዓሣውን፣ የወንዙን፣ የታንኳውን ስም በቋንቋዋ ታስደግመኛለች፤ ከጠፋብኝ ውስጥ ቃላቱም ነበሩና። ባሮን እነሱ ኦፔኖ ነው የሚሉት። ስሳሳት ትስቃለች፣ እሷ በአማርኛ ስትሳሳት እኔ እስቃለሁ። እጄ ሥራ ሲይዝ ጭንቅላቴ ዝም እንደሚል ያወቅኩት እዚያ ነው።

ጓደኛዬ፣ የዚያች ጠበል ይዛ የመጣችው ሴት ልጅ፣ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ያመለጠኝን ትምህርት አስገለበጠችኝ። "እኛ ተጣልተን አናውቅም፣ አይደል?" ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን። እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች። "አናውቅም" አለች። እርሳሱ እስኪያልቅ ነው የቀረጸችው።

እውነቱን ያገኘሁት አንድ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ነው። ከስኳር ጆንያው ጀርባ የተቀመጠ ጣቃ ጨርቅ ሳነሳ በአቡጀዲ የተጠቀለለ ደብተር ወደቀ። ገለጥኩት፤ ጽሕፈቱ የእኔ ነው። "ዛሬ ዓሣ አትብላ ብለዋል። ወንዙ ይሰማል። እናቴ ውሃ ስትሰጠኝ ሴትዮዋ ትስቃለች።" ገጽ ሙሉ እንዲህ ነው። እያነበብኩ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። የሰው ደብተር የማነብ ያህል ነበር፤ ጽሕፈቱ ግን እኔው ነኝ፣ "ለ"ን ሁልጊዜ አዘንብዬ የምጽፋት እኔው ነኝ።

አባቴ ከሚዛኑ ቀና ብሎ አየኝ።

"አገኘሽው" አለ።

"ምን እንደሚል ታውቃለህ?"

"በምን አውቄ? ማንበብ አልችል።"

"ሰው አላስነበብክም? ዶክተሩ፣ ወይ ድሬሰሩ…"

"የሰው ደብተር ነው" አለ። "ታመሽ የጻፍሽውን ለባዕድ አስነብቤ ምን ልሆን? ሲሻላት ራሷ ታነበዋለች ብዬ አስቀመጥኩት።"

ሱቁን ዘጋ። አባቴ በቀን ሱቅ ሲዘጋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጆንያው ላይ አጠገቤ ተቀመጠና "አንብቢልኝ" አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። አንዳንዱን ቦታ ሁለቴ አነባለሁ፤ እሱ አይቸኩልም። መሃል ላይ ከጓደኛዬ ጋር የተጣላሁበት ገጽ መጣ፤ ለብቻዬ እንደማወራ ለክፍሉ ተናግራ፣ እኔ ደግሞ ደብተሮቿን በሙሉ ባሮ ውስጥ ጥያለሁ። ስጨርስ አባቴ ደብተሩን ከእጄ ወስዶ መልሶ በአቡጀዲው ጠቀለለው።

"እና ይሄን ሁሉ ለብቻሽ ስትሰሚ ነበር?"

"አዎ።"

"ከእንግዲህ ሲመጡ ንገሪኝ። እኔ አልሰማቸውም፤ ግን አንቺን እሰማሻለሁ።"

በማግስቱ ጓደኛዬን "ደብተሮችሽን ወንዝ ጥያለሁ አይደል?" አልኳት። ቀላች። "የሒሳቡን ባትጥዪው ግን ጥሩ ነበር" አለች፣ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እማማንም ጠየቅኳት፤ ደብተሩ ውስጥ ስለ ዓሣ ቅርፊት የሚያወሳ ነገር የለማ። እማማ ሳትደነግጥ "አንተ ባዶ እጁን ቆመሃል፣ እኔ ዓሣ ብዙ ነው" አለችኝ። ክርክሩ በዚህ አለቀ፤ ቢላዋዬን አንስቼ ወደ ሥራዬ።

በዓመቱ ሁለቱ ሰዎች ተመለሱ። መጀመሪያ ሴትዮዋ፣ በለሆሳስ። ኪኒኑ አልቆ ዝናቡ አውሮፕላኑን ስላስቀረው ሳልውጥ የከረምኩበት ጊዜ ነው። የዚያኑ ቀን ለአባቴ ነገርኩት። እሱም ሳይጮህ፣ ሳያለቅስ፣ "መቼ ጀመሩ? ምን አሉ?" ብሎ እንደ ሸቀጥ ዝርዝር ጠየቀኝ። ድሬሰሩ ደብዳቤ ጻፈ። በሚቀጥለው አውሮፕላን ሄድን፤ አሁን በእግሬ፣ እያየሁ።

እያዩ መሄድ ይከፋል። ያቺው ግዙፍ ነርስ "ኮፍያ አራሚዋ መጣች!" ብላ አቀፈችኝ፤ እኔ ግን የአባቴን እጅ አልለቀቅኩም። የፈራሁት ኮረንቲውን አልነበረም። እህቴን እንደገና እረሳታለሁ ብዬ ነው።

"ሲስተር፣ ወረቀት ስጪኝ" አልኳት።

ዶክተሩ እየጠበቀ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። "እህት አለሽ፤ አሥራ ሁለት ጥርስ አውጥታለች። ባሚያ አትወጂም፣ አትታለዪ። ማባዛት የምትችዪው እስከ ሰባት ነው። ዓሣ ለመፋቅ ቃል አልገባሽም፣ ግን ስትሠሪ ደስ ይልሻል። ጓደኛሽ ዋሽታሻለች፣ ታርቃችኋል። ሲመጡብሽ ለአባባ ንገሪ።" ነርሷ አጣጥፋ ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችውና "እኔ ጋ አይጠፋም" አለችኝ። ዶክተሩ "ደህና?" አለ። "ቆይ" አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም እየሳቅኩ ተጋደምኩ።

ያን ጊዜ አራት ብቻ በቃኝ፤ የጠፋብኝም ብዙ አልነበረም። ነርሷ ወረቀቱን ስትሰጠኝ አንብቤ ተናደድኩ፤ ይህቺ ደግሞ እኔን ለማዘዝ ማን ናት ብዬ።

ከዚያ በኋላ ለኮረንቲ አልተመለስኩም። ኪኒኑን ግን እስከ ዛሬ እውጣለሁ፤ ዓይነቱ ተለዋውጧል። ሰዎች "ልጅን እንዲህ ማድረግ ትክክል ነበር?" ይሉኛል። እኔ የምለው ያኔ በውሃ ጥም ልሞት ነበር፣ አልሞትኩም፤ ደግሞም የእህቴን መወለድ ወስዶብኛል፣ አልመለሰልኝም። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አያጣፋልኝም።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈተንኩ። ከክፍሉ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርኩ፤ መሃል ፈተናው ላይ ሰውዬው ብቅ ብሎ "ሦስተኛውን ተሳሳተች" አለኝ። ደግሜ አየሁት፤ እውነትም ተሳስቻለሁ። አረምኩት። አለፍኩ፣ በጂኦግራፊ ብቻ ለጥቂት ተረፍኩ። ኋላ ፖስታ ቤት ተቀጥሬ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ማኅተም መምታት የመሰለ ሥራ የለም፤ ጧ፣ ጧ ሲል ሰውዬውና ሴትዮዋ መደማመጥ ያቅታቸውና ተናደው ይሄዳሉ። የሥራ ባልደረቦቼ "ቀስ ብለሽ ምቺው፣ ጠረጴዛው ተሰበረኮ" ይሉኝ ነበር። እኔም እሺ እላለሁ፣ ቀጣዩን ደብዳቤ አነሳለሁ።